ማሽካንታችሁን ጥላችሁ አትሂዱ

(የመግቢያ ዜማ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

   የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቤት ብድር ነው፤ እዚህ እስራኤል ሁላችንም በለመድነው ስሙ ስለ ማሽካንታ። በተለይ ልጆች አድገው ከወጡ በኋላ ትልቁን ቤት ሸጣችሁ ወደ አነስ ያለ ቤት ለመግባት የምታስቡ እናቶችና አባቶች ካላችሁ፣ ዛሬ ከእኛ አትራቁ። ወረቀትና እስክሪብቶም አቅርቡ፤ በመጨረሻ የምታስቀምጡት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ።

በአንድ ታሪክ ልጀምር። ከእኛ ቤት በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ጎረቤት ነበሩኝ። ሕንፃው ሊፍት የለውም። አምስት ልጅ ያሳደጉበት ባለ አራት ክፍል ቤት ነው። ልጆቹ አንድ በአንድ እያገቡ ወጡ፣ ባለቤታቸውም ዐረፉ፤ እሳቸው ከጉልበት ሕመማቸው ጋር ቀሩ። የገበያ ከረጢታቸውን አንጠልጥለው፣ በየፎቁ ቆም እያሉ፣ የደረጃውን ብረት ይዘው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ስንት ቀን አግኝቻቸዋለሁ። በመጨረሻ ቤቱን ሸጡና ሴት ልጃቸው ወዳለችበት ከተማ፣ ምድር ቤት ላይ ወዳለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ለመግባት ወሰኑ። ደግ ውሳኔ ነበር።

ከመዛወራቸው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ቡና ጠሩኝ። ረከቦቱ አጠገብ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ዓይንሽ ደህና ነውና ይህን አንብቢልኝ፤ የወር ክፍያዬ ለምን እንደጨመረ አልገባኝም» አሉኝ። የመጀመሪያው ወረቀት የድሮ ማሽካንታቸው ነው፤ በ2021 አስተካክለው የወሰዱት፣ ወለዱ 3 በመቶ፣ እስከ መጨረሻው የማይንቀሳቀስ። ሁለተኛው አዲሱ ብድር ነው፤ ወለዱ ከ5 በመቶ በላይ። አዲሱ ቤት ትንሽ ይሁን እንጂ ከተማው ውድ ስለሆነ፣ ከሽያጩ የተረፈው ገንዘብ አልበቃቸውም፤ እንደገና ተበድረዋል።

«እማማ፣ የድሮውን ለምን ዘጉት?» አልኳቸው።

«መዝጋት ግድ ነው ብዬ ነዋ! ቤቱ ሲሸጥ ብድሩም አብሮ የሚሞት መሰለኝ።»

«ስለ ግሪራ የነገረዎት ሰው አልነበረም?»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

ያን ቀን ቡናው አልጣመኝም። ባንኩ ሕግ አልጣሰም፤ እሳቸውም የፈረሙት በፈቃዳቸው ነው። ልጃቸው ከሥራ ቦታው በስልክ እየተረጎመላቸው ነበር የፈረሙት። ነገር ግን አንዲት ቃል ባለማወቃቸው ርካሹን ብድር ጥለው ውዱን ተሸከሙ። የዛሬው ዝግጅት ስለዚያች ቃል ነው።

(አጭር ዜማ)

ቃሏ ግሪራት ማሽካንታ ትባላለች። በአማርኛችን ማሽካንታን መጎተት ማለት ነው። ነገሩ እንዲገባን ማሽካንታ ሁለት ነገር መሆኑን እንያዝ። አንዱ ዕዳው ነው፤ ሌላው ለዕዳው የተያዘው ቤት። አገር ቤት ከብት ያሰራችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ በሬ ከአንዱ ችካል ተፈትቶ ሌላው ችካል ላይ ሲታሰር ገመዱ ያው ገመድ ነው፣ በሬውም ያው በሬ። የተለወጠው ችካሉ ብቻ ነው። ግሪራም እንዲሁ ነው። ዕዳው፣ ወለዱ፣ የቀረው ዘመን፣ የወር ክፍያው እንዳለ ይቀጥላል፤ ባንኩ መያዣውን ከድሮው ቤት ላይ ፈትቶ በአዲሱ ቤት ላይ ያስመዘግባል። ብድሩ ስላልተዘጋ ከጊዜው በፊት ለሚዘጋ ብድር የሚጠየቀው ትልቁ ቅጣት አይመጣም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በስልክ «ቤት ሲሸጥ ብድር ይዘጋል፣ ሌላ መንገድ የለም» ሲሉ ትሰሙ ይሆናል። እነሱ ላሉበት አገር እውነታቸውን ነው፤ እዚያ በአብዛኛው ውል ቤቱ ሲሸጥ ባንኩ ዕዳውን በሙሉ ይጠይቃል። እዚህ እስራኤል ግን መጎተት የተለመደ ነገር ነው። የዘመድ ምክር መልካም ነው፤ የማሽካንታ ምክር ግን ብድሩ ካለበት አገር ይጠየቅ።

ታዲያ መጎተት መቼ ይጠቅማል? መልሱ ያለው ብድሩን በወሰዳችሁበት ዓመት ላይ ነው። የእስራኤል ባንክ ወለድ ከሚያዝያ 2020 እስከ ሚያዝያ 2022 ድረስ 0.1 በመቶ ብቻ ነበር። ፕራይም የምንለው ደግሞ በዚያ ላይ 1.5 ተጨምሮበት ስለሆነ 1.6 በመቶ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወለዱ በየጊዜው እየወጣ በግንቦት 2023 ላይ 4.75 በመቶ ደረሰ፤ ፕራይምም 6.25 ሆነ። ከአንድ ዓመት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ የብድር ዋጋ ሰማይና ምድር ሆነ።

ስለዚህ ወለዱ ዝቅ ባለበት ዘመን በቋሚ ወለድ የተበደረ ሰው በእጁ የያዘው ዕዳ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ገበያ ላይ የማይገኝ ዋጋ ይዟል። ያንን ሰው «አትዝጋው፣ ጎትተው» እንለዋለን። በተቃራኒው ወለዱ ጣራ በነካበት ጊዜ የተበደረ ሰው ደግሞ ሒሳብ መሥራት አለበት። ቢጎትተው ከቅጣት ይድናል፤ ውዱን ወለድ ግን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ባንኩን ሁለት ቁጥር ይጠይቅ፤ ዛሬ ብዘጋው ቅጣቱ ስንት ነው? ዛሬ አዲስ ብወስድ ወለዱ ስንት ነው? ሁለቱን አስተያይቶ ይወስን።

በዕድሜ ለገፉ ወላጆቻችን ሌላም ጥቅም አለው። አዲስ ብድር ሲጠየቅ ባንኩ ዕድሜን ያያል፣ ገቢን ያያል፣ የሕይወት ኢንሹራንስም ከዕድሜ ጋር ይወደዳል። ጡረታ ደጃፍ ላይ ላለ ሰው እነዚህን በሮች እንደገና ከማንኳኳት፣ አንዴ የተከፈተለትን በር ይዞ መሄድ ይቀላል።

(አጭር ዜማ)

አሁን እስክሪብቶውን አንሱ፤ አብረን እናስላ። ለምሳሌ ያህል የምንይዘው ቁጥር ነው። አንድ ባልና ሚስት ባለ አምስት ክፍል ቤታቸውን በ1,900,000 ሼቄል ይሸጣሉ። የሚገዙት አነስተኛ ቤት 1,350,000 ነው። የቀረባቸው ዕዳ 420,000 ሲሆን በሁለት መንገድ የተከፈለ ነው፤ 270,000 በ3 በመቶ ቋሚ ወለድ፣ 150,000 ደግሞ በፕራይም።

የመጀመሪያው አማራጭ ሁሉንም መዝጋት ነው። ዕዳውን ከፍለው፣ ቤቱን ገዝተው፣ የጠበቃና የመዛወሪያ ወጪ ሳይቆጠር 130,000 በእጃቸው ይቀራል። ዕዳ የለም።

ሁለተኛው ሁሉንም መጎተት ነው። 550,000 በእጃቸው ይቀራል፤ የወር ክፍያቸው ግን እንደነበረው ይቀጥላል።

ሦስተኛው መሐከለኛው መንገድ ነው። በ3 በመቶ ያለውን 270,000 ይጎትታሉ፤ የፕራይሙን 150,000 ይዘጋሉ። በእጃቸው 400,000 ይቀራል። ፕራይሙ በ6 በመቶ ቢታሰብ ለዚያ ክፍል ወለድ ብቻ በዓመት 9,000፣ በወር 750 ሼቄል ገደማ ይከፍሉ ነበር፤ ያ ሸክም ወረደ። የጎተቱት 270,000 ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ወለዱ 8,100 ነው። ያንኑ ገንዘብ ዘግተው በኋላ ሲቸግራቸው በ5 በመቶ ቢበደሩት 13,500 ይሆን ነበር። ልዩነቱ በዓመት 5,400 ሼቄል ነው።

የቱ ይሻላል? ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። ዕዳ የሌለበት እንቅልፍም ዋጋ አለውና፣ ገንዘቡ በቂ የሆነለት ሰው ሁሉንም ዘግቶ ቢያርፍ ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን ልጅ ሊዳር ነው፣ ወይም አዲሱ ቤት እድሳት ይፈልጋል፣ ወይም ሕመም አለ እንበል። ርካሹን ብድር ዛሬ ዘግቶ ነገ ውድ ብድር መፈለግ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ዓይነት ነው።

የመሐከለኛውን መንገድ ለምትመርጡ አንድ ቁም ነገር አለ፤ የትኛውን ክፍል እንደምትዘጉ ራሳችሁ ምረጡ። የፕራይሙ ክፍል ሲዘጋ የወለድ ልዩነት ቅጣት የለበትም። በየአምስት ዓመቱ ወለዱ የሚለወጠው ክፍል በሚለወጥበት ቀን ከተዘጋ ያ ቅጣት አይኖርም። ቋሚ ወለድ ያለው ክፍል ግን ገበያው ከእናንተ ወለድ በታች ከሆነ ቅጣት ሊኖረው ይችላል። ብድሩ 3 ዓመት ካለፈው ከቅጣቱ 20 በመቶ፣ 5 ዓመት ካለፈው 30 በመቶ ይቀነሳል። ገበያው ከእናንተ ወለድ በላይ ከሆነ ደግሞ ያ ቅጣት ከነጭራሹ አይመጣም።

ቀንም መምረጥ ያስፈልጋል። ከመክፈላችሁ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድማችሁ ለባንኩ በጽሑፍ አስታውቁ፤ ካላስታወቃችሁ ከምትከፍሉት ገንዘብ 0.1 በመቶ ይጨመርባችኋል። ብድራችሁ ከማዳድ፣ ማለትም ከኑሮ ውድነት መለኪያው ጋር የታሰረ ከሆነ ደግሞ ከወሩ 16ኛ ቀን ጀምሮ ክፈሉ፤ ከ1 እስከ 15 ባለው ጊዜ የሚከፍል ሰው ተጨማሪ ሊጠየቅ ይችላል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ብዙ ሺህ ሼቄል ለሚከፍል ሰው ግን ትንሽ አይደለችም።

(አጭር ዜማ)

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ወደ ቅደም ተከተሉ። ጎረቤቴን የጎዳቸው ይኸው ነው። የተለመደው የሽያጭ ውል እንዲህ ይሄዳል፤ የሻጩ ባንክ የቀረውን ዕዳ ገልጾ ሚኽታቭ ካቫኖት የሚባለውን ደብዳቤ ይሰጣል። ገዢው ከክፍያው ያንን ያህል ገንዘብ በቀጥታ ወደ ሻጩ ብድር ሒሳብ ያስገባል፤ ብድሩ ይዘጋል፤ ቤቱ ከመያዣ ነጻ ይሆናል። ለገዢው ጥሩ ነው፤ ንጹሕ ቤት ያገኛል። ውሉ በዚህ መልክ ከተፈረመ በኋላ ግን «እኔ ልጎትተው ነበር» ማለት አስቸጋሪ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ስለዚህ አንደኛ፣ ቤቱን ለሽያጭ ከማውጣታችሁ በፊት ከባንኩ የቀረ ዕዳችሁን የሚያሳይ ዝርዝር ጠይቁ። ዪትሮት ለሲሉክ በሉት። እያንዳንዱ ክፍል ስንት ቀረው፣ ወለዱ ስንት ነው፣ ዛሬ ቢዘጋ ቅጣቱ ስንት ነው የሚለው ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ አለ።

ሁለተኛ፣ ባንኩ ግሪራ እንደሚፈቅድላችሁና በምን ሁኔታ እንደሚፈቅድ በጽሑፍ ተቀበሉ። ለአገልግሎቱ ስንት እንደሚያስከፍልም ጠይቁ። ባንኩ አዲሱን ቤት ሻማይ፣ የቤት ዋጋ ገማች፣ ልኮ ያስገምታል፤ የሻማዩ ክፍያ በእናንተ ነው። ቤቱ በጣቡ፣ በመሬት መዝገቡ፣ ወይም በሚመለከተው ሌላ መዝገብ በትክክል መመዝገቡንም ያያል። ከዚያ ዕዳው ከአዲሱ ቤት ዋጋ ጋር ይመዘናል። ለብቸኛ መኖሪያ ቤት ብድር ከዋጋው 75 በመቶ፣ የድሮው ሳይሸጥ ለሚገዛ ምትክ ቤት ደግሞ 70 በመቶ እንዳያልፍ የእስራኤል ባንክ ደንብ አለ። በምሳሌያችን 420,000 ከ1,350,000 ላይ 31 በመቶ ገደማ ስለሆነ የሚያሳስብ አልነበረም። ወደ ትንሽ ቤት የሚሄድ ሰው ግን የቤቱ ዋጋ አብሮ እንደሚያንስ ያስብ፤ ዕዳው ከበዛ ባንኩ «ከፊሉን ክፈልና ቀሪውን ጎትት» ሊል ይችላል።

ሦስተኛ፣ ለጠበቃችሁ ንገሩ። «ማሽካንታዬን እጎትታለሁ» ብላችሁ ከፊርማው በፊት ንገሩ፤ በሽያጩ ውልም ይጻፍ። የሽያጩንና የግዢውን ግብር ነገርም አብራችሁ ጠይቁት።

አራተኛ፣ ጊዜውን አስታርቁ። ሽያጩና ግዢው አንድ ላይ ቢገጥሙ መልካም ነው፤ መያዣው ከዚያ ወርዶ እዚህ ይመዘገባል። ቤቱ ተሽጦ አዲሱ ገና ካልተገኘ ግን፣ ባንኩ በዕዳው ልክ ገንዘብ በተቆለፈ ሒሳብ ይዞ ወይም የባንክ ዋስትና ተቀብሎ የድሮውን ቤት ሊለቅ ይችላል። እስከ ስንት ወር እንደሚጠብቃችሁ አስጽፉ። በዚያ ጊዜ የወር ክፍያው አይቆምም። አዲሱ ቀድሞ ከተገዛ ደግሞ መሸጋገሪያ ብድር፣ ሃልቫአት ጊሹር፣ አለ፤ እሱ ግን ውድ ሊሆን ስለሚችል በጥንቃቄ ያዙት።

አምስተኛ፣ ኢንሹራንሱን አትርሱ። የሕንፃው ኢንሹራንስ ወደ አዲሱ አድራሻ ይዛወር። ከዕዳው ከፊሉን ከዘጋችሁ የሕይወት ኢንሹራንሱም በቀረው ዕዳ ልክ እንዲቀነስ ጠይቁ። የተከፈለ ዕዳን ኢንሹራንስ ለዓመታት ሲከፍሉ የሚኖሩ ብዙ ወላጆች አሉን።

አንድ ለየት ያለ ጉዳይ ልጨምር። በ1990ዎቹ፣ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ከኢትዮጵያ ከገቡ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ከካራቫን ሰፈሮች ለወጡ ቤተሰቦች መንግሥት የተለየ ማሽካንታ ሰጥቶ ነበር። ከዚያም ወዲህ በመብት የሚሰጥ ብድር፣ ስጦታ የተቀላቀለበት ብድር የወሰደ አለ። የእናንተ ብድር እንዲህ ያለ የመንግሥት ድርሻ ካለበት፣ ያንን ክፍል ለብቻው ጠይቁ፤ የራሱ ደንብ አለው። ስጦታው ከእናንተ ጋር እንዲሄድ ምን እንደሚያስፈልግ ሳታውቁ ምንም አትፈርሙ።

(አጭር ዜማ)

ልጆቻችንን በተመለከተ አንድ ቃል ልበል። ልጆቻችን ገና በትምህርት ቤት ሳሉ ጀምረው የባንኩን ደብዳቤ፣ የሐኪሙን ወረቀት፣ የብሔራዊ መድኅን ተቋሙን፣ የቢቱዋህ ለኡሚንን፣ ጥሪ ሲያነቡልን ኖረዋል። ውለታቸው ትልቅ ነው። ማሽካንታ ግን በሥራ መሐል፣ በስልክ፣ በሦስት ደቂቃ የሚተረጎም ነገር አይደለም። ልጆች ሆይ፣ አንድ ቀን ፈቃድ ወስዳችሁ ከአባታችሁና ከእናታችሁ ጋር ባንክ ተቀመጡ። ወላጆች ሆይ፣ «ነገ ተመልሼ እፈርማለሁ» ማለት ነውር አይደለም። ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ቤት ሂዱ። ወደ ትንሽ ቤት መግባት ከኑሮ መውረድ አይደለም፤ ደረጃ ከመውጣት ማረፍ፣ ከልጅ ልጅ መቅረብ ነው። ያ ዕረፍት በማይገባ ወለድ እንዳይበላ ነው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ።

አሁን ወረቀቱን አንሱ። የምትጽፉት ዓረፍተ ነገር ይኸውና። ሴት ከሆናችሁ «አኒ ሮጻ ሊግሮር ኤት ሃማሽካንታ»። ወንድ ከሆናችሁ «አኒ ሮጼ ሊግሮር ኤት ሃማሽካንታ»። ትርጉሙ፣ «ማሽካንታዬን መጎተት እፈልጋለሁ» ነው። አሁንም ልድገመው፤ «ሊግሮር ኤት ሃማሽካንታ»።

ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። ጎረቤቴ ዛሬ ምድር ቤት ባለው ቤታቸው፣ በር ላይ ተቀምጠው የልጅ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ይቀበላሉ፤ ጉልበታቸውም ተሽሎታል። ባለፈው ስጠይቃቸው ይህችን ዓረፍተ ነገር ቤታቸውን ሊሸጡ ላሰቡ አንዲት እኅታቸው በስልክ እያስጠኑ ነበር። እሳቸው ሳይሰሟት ያለፉትን ቃል እኅታቸው ከመፈረማቸው በፊት ሰሙ። እናንተም ለምታውቁት አንድ ሰው ንገሩ።

 

(የመዝጊያ ዜማ)